ጋሼ ከሌንሱ በስተግራ

ሰውየው ቦርሳውን ከወንበሩ ስር ሲያስቀምጥ ቁራ ካሜራውን እያስተካከለ ነበር።

ቁራ የስለላ ስሙ ነው። እዚህ ሆቴል ውስጥ ግን ለማስታወቂያ የተቀጠረ ፎቶ አንሺ ነው።

«ወንድሜ፣ አዳራሹን ሰፋ አድርገህ አሳይልኝ» አለችው ሥራ አስኪያጇ።

«አታስቢ። ይሄ ሌንስ ቁም ሳጥኑንም ሜዳ ያደርገዋል።»

እጅግ ሰፊ ማዕዘን ያለውን ሌንስ ትናንት ነው ያገኘው። ገና እየሞከረው ነው። መሀል ያለውን ያሳንሳል፣ ዳር ያለውን ይለጥጣል። ጠዋቱን ሙሉ የገዛ ጫማው ፎቶ ውስጥ እየገባ ሲያናድደው ነው ያረፈደው።

ከመሥሪያ ቤታቸው አንድ ሰው ባልደረቦቹን ለጠላት እየሸጠ ነው። ሁለት ሞተዋል። የቁራ ሥራ የጠላት መልእክተኛ ያስቀመጠውን ቦርሳ ሊወስድ የሚመጣውን ከሃዲ ፎቶ ማንሳት ነው።

አለቃው ጋሼ ጋዜጣ ይዘው በስተግራው ቆመዋል። ስለላውንም ፎቶውንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከጎን የቆመ ሰው ፎቶ ውስጥ አይገባም ይሉ ነበር።

«ዓይንህ ከወንበሩ እንዳይነሳ» አሉ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«እሺ ጋሼ።»

ባለቦርሳው ተነሳ። ቦርሳውን ትቶ በጋሼ በኩል አለፈ።

በሌንሱ ግራ ጠርዝ የተለጠጠ እጅ ታየ። ፖስታ ወደ ጋሼ ጋዜጣ ገባ።

ቁራ ክው አለ።

ጣቱ ግን የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ።

«ማንም አልመጣም። እንሂድ» አሉ ጋሼ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ከዚያ ያበጠውን የሌንሱን መስታወት አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይሄ የቱ ሌንስ ነው?»

«አዲስ ነው ጋሼ። ዳር ዳሩንም ያያል።»

እጃቸው ወደ ኮታቸው ገባ።

«ካርዱን ስጠኝ፣ ልጄ።»

«ፎቶውን ለመሥሪያ ቤቱ ልኬዋለሁ።»

ገና አልላከውም ነበር። ጋሼ ግን አመኑት። እጃቸውን ባዶውን አወጡና ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

«እንግዲህ ልጆቼን አደራ» አሉ።

አሁን ቢያጠፋው ማንም አያውቅም። የሞቱትን ሁለቱን አሰበ።

ላከው።

ከመሥሪያ ቤቱ የተላኩ ሁለት ሰዎች ገብተው ጋሼን እንደ በሽተኛ ደግፈው አወጧቸው። ቁራ አዳራሹን አንስቶ ጨረሰና ከመንገደኛው ጋር ተቀላቀለ።

ዛሬ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ የሚሸጡ ቤቶችን ፎቶ ያነሳል። ባዶ ክፍሎች ብቻ። ዓይኑን ካሜራው ላይ ሲያደርግ በስተግራው «ልጄ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

«አቤት ጋሼ» ይላል፣ ሳያስበው።