ፀሐይ የዋጠችው መልስ

ፋርሂያ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ የሬዲዮ ኦፕሬተር ናት። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ስልክ የማይሠራባቸው ሰባት የበረሃ ጣቢያዎች ተራ በተራ ይጠሯታል። ከሰባቱ ግን የአንዱን ድምፅ ለብቻው ትጠብቃለች።

ሰማታር የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ኃላፊ ነው። በረሃ ከመውረዱ በፊት የሬዲዮ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ነበረች። የተያዩት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ በድምፅ። መስመሩን ሁሉም ስለሚሰማው የሚያወሩት ስለ ውሃና ስለ ነዳጅ ነው። ግን «እንዴት ዋልሽ?» ሲላት ድምፁ ዝቅ ይላል።

አንድ የግንቦት ቀን ሰማታር ሪፖርቱን ጨርሶ መስመሩን አልለቀቀም።

«ፋርሂያ፣ የሚሰማ ይስማ። አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ?»

«ላክ» አለች።

መልስ የለም። ከሬዲዮው የማይለየው ሹክሹክታ እንኳ አብሮ ጠፋ። ደጋግማ ጠራች። ሰባቱም ጣቢያዎች ጭጭ አሉ።

የጥገና ባለሙያው ጋሽ ኒቆዲሞስ መጥተው ሽቦውንም አንቴናውንም ፈተሹ። ከዚያ አዲስ አበባ ደወሉ። ስልኩን ሲያስቀምጡ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«አቦ፣ ዕቃው ደህና ነው። ፀሐይ ናት።»

«የቷ ፀሐይ?»

«ይቺው። ፈንድታለች። የእኛ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከሰማይ ነጥሮ ነው በረሃ የሚደርሰው። የፀሐይዋ ጨረር በስምንት ደቂቃ መጣና የላይኛውን አየር ለወጠው። አሁን ድምፁን ይውጠዋል እንጂ አይመልሰውም። ቀን በሆነበት አገር ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ባሕር ላይ ያለ መርከብ ሳይቀር።»

ፋርሂያ ወደ ግቢው ወጣች። ባጃጆች እንደወትሮው ያልፋሉ። ፍየል ጥላ ውስጥ ተኝታለች። ብርሃኑ የትናንቱን ይመስላል። መዳፏን ዘረጋችለት። ያ ሁሉ ኃይል ያን ሁሉ ርቀት አቋርጦ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ ከአፏ የወጣችውን አንዲት ቃል መውሰዱ ገረማት። ፍርሃትም አደረባት፤ ደስ የሚል ፍርሃት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስድስቱ ጣቢያዎች ተመለሱ። የሰማታር አልተመለሰም።

በማግስቱ በእሱ ፈንታ ጓደኛው ሙመድ ቀረበ።

«ሰማታርስ?»

«አጠገቤ ነው። ማውራት አልፈለገም። ጥያቄውን ሰምተሽ ዘጋሽበት አይደል? እሱም ሬዲዮውን አጥፍቶ አደረ። ወደ ሌላ ጣቢያ እንዲያዛውሩት ደብዳቤ ጽፏል።»

ሁሉም እየሰሙ ነው። ወሬው ሳይመሽ አባቷ ጆሮ ይደርሳል። ፋርሂያ መነጋገሪያውን አጥብቃ ያዘች።

«እንግዲያው ሁላችሁም ስሙ። ትናንት የዘጋሁት እኔ አይደለሁም። ፀሐይ ናት መልሴን የወሰደችው። ላክ ብዬዋለሁ። ዛሬም ላክ እላለሁ።»

 ከዚያ የሰማታር ድምፅ መጣ።

«ፀሐይ ነው ያልሽው?»

«አዎ። ግማሹን ምድር ዝም አሰኝታ ነበር።»

«ሱብሓነላህ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አንቺን ስወቅስ አደርኩ።»

አባቷ ወሬውን ቀድመው ከሰው ሰምተው ነበርና ሁለት ቀን ተቆጡ። ዓርብ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ግን በሩን ራሳቸው ከፈቱ።

ቅዳሜ ሰማታር ከበረሃ መጣና ከፋርሂያ ጋር የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ተገናኙ። ስምንት ወር በየቀኑ ያወሩ ሰዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ ተፋፈሩ። እሱ ጫማውን አየ፤ እሷ ከታች ያለውን ደረቅ አሸዋ። ቀስ ብላ ቀና ስትል፣ እሱም ቀና ብሎ ያያት ነበር።