ያልነበሩት ሁለት ኪሎዎች

አሰልጣኙ የእንፋሎቱን ክፍል በር ሲከፍት መጀመሪያ ያየው የተዘረጉ እግሮችን ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ላብ ማውጫ የፕላስቲክ ልብሱን እንደለበሰ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ተቀምጧል። ላየው ሰው እንቅልፍ የጣለው ይመስላል። ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። አሰልጣኙ ጎትቶ አወጣው፤ ደረቱን እየተጫነ ጠራው፣ ደግሞ ጠራው። ሐኪሞቹ ሲደርሱ የቀራቸው ነገር መሸፈን ብቻ ነበር።

መርማሪዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጡረታ የቀረባት አጭር ሴት ናት። ምንጣፉ ጫፍ ስትደርስ ሳይነግሯት ጫማዋን አወለቀች።

«ይህን ስፖርት አላውቀውም፤ እንደ ሕፃን ያስረዱኝ» አለችው።

አስረዳት። የብራዚል ጁጂትሱ ቡጢ የለውም፤ ሰውን መሬት ላይ ይዞ፣ አንቆ ወይም መገጣጠሚያውን ቆልፎ እጅ ማሰጠት ነው። እዚህ የሚሠሩት ሁሉ ከሥራ በኋላ የሚመጡ አማተሮች ናቸው። ውድድሩ እሑድ ሊሆን፣ ክብደት ደግሞ ዛሬ ከቀትር በኋላ ሊለካ ነበር። ልብስ ሰፊው ከነኪሞኖው፣ ማለት ከነወፍራም የትግል ልብሱ፣ ከሰባ ስድስት ኪሎ ማለፍ አልነበረበትም።

«ካለፈስ?»

«ይሰረዛል። በእሱ ፈንታ ተጠባባቂው ይገባል። የዳቦ መኪና ሹፌር ነው፤ ጎማ እንለዋለን።»

መርማሪዋ ጻፈች። «ሟቹ በመጨረሻ የደወለው ለእርስዎ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። ምን አለዎት?»

«ስንት ሰዓት እንሂድ ብሎ ነው።»

«ሦስት ደቂቃ አውርታችኋል። ሰዓት ለመጠየቅ ረዥም ነው» አለችና ገጹን ገለበጠች።

እሱ ግን በቆመበት ቀረ። በስልክ የተባለውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ተሸፍኖ ወጥቷል። ሴትዮዋ ገዳይ ስትፈልግ ፊት ለፊቷ የቆመው ገዳይ እሱ ራሱ መስሎታል። የሃያ ዓመት ሥራው፣ ስሙ፣ ልጆቻቸውን አምነው የሚልኩለት ወላጆች ሁሉ በዚያች ሦስት ደቂቃ ላይ ተንጠልጥለዋል። ዞር ሲል መስቀያው ላይ የተደረደሩት ኪሞኖዎች አፈጠጡበት። በየአንገትጌው የተቀደደውን ሁሉ በድርብ ስፌት የጠገነው ያ ልብስ ሰፊ ነው። በዚያ ክፍል የእሱ እጅ ያልነካው ልብስ አልነበረም።

ከቀትር በኋላ መርማሪዋ ሰዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጠች። አሰልጣኙ የአዳራሹን ቁልፍ የያዘ ሰው ነውና ጥግ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰማ።

መጀመሪያ የገባችው አብራቸው የምትሠለጥን ፋርማሲስት ናት፤ ዓይኗ አብጧል። «ሽንት የሚያሸና ክኒን ጠይቆኝ ነበር። አልሰጥህም አልኩት። ተኮራረፍን» አለች።

«ከሌላ ቦታ ቢገዛስ?»

«አልገዛም። ቢገዛ ይነግረኝ ነበር፤ ሊያናድደኝ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «አንገቱን ከተጎዳ ሦስት ወሩ ነው። ሁለት ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። መርፌ ከእጁ ሲወድቅ አይታወቀውም። ሐኪሙ ከእንግዲህ እንዳትታገል ብሎታል። ወንድሙ በእንባ ነው የለመነው።»

ቀጥሎ ጎማ ገባ። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። «እኔን እንደምትጠረጥሩ አውቃለሁ! ቦታውን የምወስደው እኔ ነኝ፤ ግን ምኑን እወስደዋለሁ? እኔ ራሴ ወፍሬ ቀርቻለሁ!»

«እንዴት?»

«እሱን ሚዛኑን ጠይቂው፣ እትዬ። ሳምንቱን ሙሉ ጎመን ብቻ እየበላሁ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። ሚስቴ ሳትሆን እኔ ያረገዝኩ ነው የመሰለኝ።» ሳቅ ሊል ብሎ አፉን በመዳፉ ያዘ። «ይቅርታ። በሰው ሞት ላይ…»

የሟቹ ታላቅ ወንድም እዚሁ አብሮት የሚሠለጥን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እንደ በር የሰፋ ሰውዬ ነው፤ የወንድሙን ቦርሳ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይዟል። «ከልጅነቱ እልኸኛ ነው» አለ። «እሱን ተው ብሎ የሚመልሰው ሰው አልተፈጠረም።»

ሰዎቹ ሲሄዱ መርማሪዋ ከእንፋሎቱ ክፍል በር አጠገብ ወደቆመው አሮጌ ሚዛን ሄደች። ብረት እየገፉ የሚያስተካክሉት፣ ሐኪም ቤት የሚታይ ዓይነት ሚዛን ነው። ከበላዩ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሁሉም በየምሽቱ ከነኪሞኖው ተመዝኖ ክብደቱን የሚጽፍበት ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱን ለረዥም ጊዜ አነበበችው።

«ረቡዕ ዕለት ተቆጥተዋቸው ነበር?»

አሰልጣኙ ደነገጠ። «ማን ነገረዎት? አዎ። ሁሉም ጨምረው መጡ። ምን ስትበሉ አደራችሁ ብዬ ጮህኩባቸው።»

እሷ ግን መሬት ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ባትሪ እያበራች፣ የሚዛኑን መርገጫ ከሥሩ ታይ ነበር። ስትነሳ ቀሚሷን አራገፈች። «ነገ በዚሁ ሰዓት ሁሉም ይምጡልኝ። ኪሞኗቸውን ለብሰው።»

አሰልጣኙ ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። ቤቱ ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር «መምህሬ» የሚል ድምፅ ይሰማዋል። ሚስቱ ስልኩን አንስታ «እህትህ ናት» ስትለው እንኳ እጁን አልዘረጋም።

እሑድ፣ ውድድሩ ሌላ ቦታ ሲካሄድ፣ አሰልጣኙን ጨምሮ አራቱ ነጭ ለብሰው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

መርማሪዋ ጀመረች። «አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ነበር። ሆስፒታሉ አስከሬኑን መዝኖታል። የኪሞኖውን ክብደት ስንጨምርበት ሰባ አራት ኪሎ ይመጣል። የሚፈለግበት ሰባ ስድስት ነው። እንፋሎቱ ክፍል በር ላይ ሚዛን እያለለት፣ በየጊዜው እየወጣ እየተመዘነ፣ ሰው እንዴት ሁለት ኪሎ አሳልፎ ሄዶ ይሞታል?» ወደ ጎማ ዞረች። «ተነስ እስቲ፣ ውጣበት።»

ጎማ ወጣ። አሰልጣኙ ብረቱን ገፋ። «ሰባ ስድስት ከግማሽ።»

«ዓርብ ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ሰባ ስምንት ከግማሽ።» ጎማ ወረቀቱንና ሚዛኑን አፈራርቆ አየ። «በሁለት ቀን? አልቅሼ ነው?»

ፋርማሲስቷ ወጣች። እሷም ሁለት ኪሎ ቀንሳለች። ክፍሉ ውስጥ ቅዝቃዜ የገባ መሰለ።

«በማክሰኞና በረቡዕ መካከል የወፈረ ሰው የለም። የወፈረው ሚዛኑ ነው» አለች መርማሪዋ። «መርገጫው ሥር ሙጫ አግኝቻለሁ፤ አቧራ እንኳ አልያዘውም። ከእነዚያ ባለ ሁለት ኪሎ ብረቶች አንዱን ሰው በጥቁር ቴፕ አጣብቆበት ነበር» አለችና የክብደት ማንሻ ብረቶቹ የተከመሩበትን ጥግ አመለከተች። «ልብስ ሰፊው ዓርብ ምሽት ሰባ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ብሎ ጽፏል። እውነቱ ሰባ አምስት ነጥብ ዘጠኝ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ነው ያደረው። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ክፍል የገባው የሌለ ኪሎ ሊያወርድ ነው።»

ፋርማሲስቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ብረቱ ቅዳሜ በግርግሩ መካከል ተነስቷል። ወረቀቱ ግን ቀርቷል።» መርማሪዋ መነጽሯን አደረገች። «ረቡዕ ሁሉም ሰው ሁለት ኪሎ ሲጨምር አንድ ሰው አልጨመረም። ማክሰኞ ዘጠና አንድ፣ ረቡዕ ዘጠና አንድ፣ ዓርብም ዘጠና አንድ። ሚዛኑ የሚያሳየው ዘጠና ሦስት ሆኖ ሳለ፣ ትርፉን ቀንሶ የጻፈ ሰው አለ። እናንተ ክብደታችሁን እንደ ስማችሁ ነው የምትጽፉት መሰለኝ፤ ያልሆነውን መጻፍ እጁ እምቢ ብሎታል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እርስዎም ይመዘኑ?»

ታላቅየው አልተነሳም።

«አያስፈልግም» አለ። ቦርሳው ዛሬም ጉልበቱ ላይ ነበር። «ሁለት ኪሎ ሲያይ ተስፋ ይቆርጣል ብዬ ነው። ጣቱን አጥቶ ምን ሰፍቶ ሊበላ ነው? ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ አልሰማኝም። ሚዛኑ ከከለከለው ማንንም ሳይቀየም ይቀራል ብዬ አሰብኩ።»

«እንፋሎቱ ክፍል እንደሚገባ አላወቁም?» አለች መርማሪዋ።

«መግባቱን አውቄ ነበር። ራሱን ሲያዞረው ግን ለመምህሩ እንደሚደውልም አውቃለሁ፤ ምሳ ሲበላ እንኳ እሱን ሳይጠይቅ አይበላም። በቃህ፣ ውጣ ይለዋል ብዬ ተማመንኩ።» ቀና ብሎ አሰልጣኙን አየው። «የእኔን ባይሰማ ያንተን ይሰማል ብዬ ነው።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘግታ እስክሪብቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አሰልጣኙን አልጠየቀችውም፤ ዞር ብላም አላየችው። ዝም ቢል ነገሩ እዚህ ያበቃል፤ ጥፋተኛው ተገኝቷል፤ ነገ ማታ በሩን ከፍቶ ማስተማር ይችላል።

«ደውሎልኝ ነበር» አለ አሰልጣኙ።

«ምን ብሎ?» አለ ታላቅየው።

«መምህሬ፣ ሚዛኑ አልወርድ አለ፣ ራሴን እያዞረኝ ነው፣ ልተወው ወይ አለኝ።»

«አንተስ?»

«ዛሬ ከወጣህ ዓመቱን ሙሉ ትቆጫለህ አልኩት። አሥር ደቂቃ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ግባ አልኩት።»

ታላቅየው ቦርሳውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ገባ?» አለ፣ መልሱን እንደማያውቅ ሰው።

«እሺ መምህሬ ብሎኝ ገባ።»