ዐርባ ደቂቃ በበሩ ላይ

የቤተ መንግሥቱ የዘብ ትርኢት ዳይሬክተር ናም ግዩ-ቾል ከነጋሪቶቹ መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ለአምስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ የዕቃ ቤቱን በር የከፈተችው የአልባሳት ኃላፊዋ ወይዘሮ ብዮን ሱክ-ሂ ናት። የነጋሪት መምቻው ከእግሩ ሥር ወድቋል፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ያለው ቁስል ከመምቻው ራስ ጋር ልክ ለልክ ነው። ከግንቡ ማዶ፣ በቤተ መንግሥቱ ደቡብ በር፣ በኪራይ የባህል ልብስ ያጌጡ ጎብኚዎች ከዘቦቹ ጎን ለፎቶ ይሰለፉ ነበር። የጥር ብርድ ትንፋሻቸውን ነጭ አድርጎታል። ጩኸት የሰማ የለም።

ኢንስፔክተር ቹ ሚ-ራን በሰባት ሰዓት ስትደርስ ሳጅን ጊል ሥራውን ጨርሶ ጠበቃት።

«ገዳዩ ተይዟል» አላት። «ኦክ ሰንግ-ጁ ይባላል፤ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ተጠባባቂ ዘብ። ዐሥር ሰዓት ላይ የዐቃቤ ሕግ መኪና መጥታ ትወስደዋለች።»

«ከእኔ በፊት ጨርሰኸዋል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?»

«የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋላ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ አስረዳኝ።»

ጊል አስረዳት። የዘብ ቅይይሩ ሥነ ሥርዓት በአራት ሰዓት ተጀምሮ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ሰልፉ ወደ ጓሮው ይገባና የዘብ አለቃው ከሦስት ዘቦች ጋር ተመልሶ ወጥቶ እስከ አምስት ሰዓት በሩ ላይ ይቆማል፤ ሳይናገር፣ ፊቱን ሳያዞር። ዳይሬክተሩ የመጨረሻ ስልኩን የዘጋው አራት ከሃያ ስምንት ላይ ነው። ስለዚህ የተገደለው ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ሰባት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። የጓሮው በር ያለ ካርድ አይከፈትም። ነጋሪት መቺዎቹና ሌሎቹ ሰልፈኞች ሻይ ሊጠጡ ወጥተው ነበር። ውስጥ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ገባ ወጣ ትል የነበረችው ወይዘሮ ብዮን፣ እና ማረፊያ ክፍል ብቻዬን ነበርኩ የሚለው ኦክ።

«የዘብ አለቃውስ?»

«ጋሽ ታክ ማን-ሆ? እሳቸውን ይተዋቸው። ዐርባ ደቂቃ ሙሉ በሩ ላይ ቆመው ግማሽ ዓለም ፎቶ አንሥቷቸዋል።»

«ልጁ ዳይሬክተሩን ለምን ይገድለዋል?»

«ባለፈው ሳምንት አንድ ሕፃን የተለጠፈ ጢሙን ሲጎትተው ሳቀ። ዘብ ላይ ቆሞ! ዳይሬክተሩ ሊያባርረው ዝቶበታል። ሲጨቃጨቁ የሰማ አለ።»

«ሰው የሳቀበትን ሳይሆን ሳቁን የከለከለውን ገደለ ማለት ነው» አለች ቹ። ጊል እያሾፈችበት ይሁን እየተስማማችለት መለየት አቃተው።

ኦክ በትኬት መሸጫው ጓዳ እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ከኪሱ የወጣው ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፦ ስልክ፣ የአውቶቡስ ካርድ፣ ማስቲካ፣ ስትከፈት ለሰዓታት የምትሞቅ አንዲት ቀይ የእጅ ማሞቂያ ከረጢት። ቹ ከረጢቷን በጣቷ ነካቻት። ገና ትሞቃለች።

«የት ነበርክ?»

«ማረፊያ ክፍል።»

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

«የሰው ነፍስ ነው የጠፋው፤ ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።» ዐይኑን ከካቴናው ላይ አላነሣም። «ብቻ ለእናቴ አይደውሉላት። ነገሩ እስከ ዐሥር ሰዓት ይስተካከላል።»

«ማነው የሚያስተካክለው?»

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሲሰማ በፍጥነት ቀና አለ፤ የገባው ጊል መሆኑን ሲያይ ትከሻው ወረደ። ቹ ይህን ልብ አለች። ልጁ የፈራ ሰው አይመስልም ነበር። ሰው የሚጠብቅ ይመስላል።

ጓሮው ውስጥ ባለው መልበሻ ድንኳን ወይዘሮ ብዮን የተቀደደ እጅጌ እየሰፋች ነበር። መርፌዋን ሳታቆም ነው የተናገረችው።

«እኔንም እሰሩኝ እንጂ። ሬሳውን ያገኘሁት እኔ፣ ዘወትር ከእሱ ጋር የምጨቃጨቀው እኔ። ያንን ልጅ ግን ልቀቁት፤ ዝንብ ሲነዳ እንኳ ይቅርታ የሚል ልጅ ነው።»

«ከአራት ሰዓት ከሃያ በኋላ የት ነበሩ?»

«በሩ ላይ። ለቆሙት አራቱ የእጅ ማሞቂያ ላድል። ካርቶኑን ዛሬ ነው የከፈትኩት። አራት ይዤ ወጣሁ፣ አራቱንም ሰጠሁ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከዚያ ክር ላመጣ ዕቃ ቤት ገባሁና…» መርፌው ቆመ።

«ዳይሬክተሩ ከሌላ ሰው ጋር ጠብ ነበረው?»

«ጠብ አይባልም። ከመጪው ወር ጀምሮ ጋሽ ታክን ከበሩ ሊያነሣቸው ነበር። ጎብኚ የሚወደው ወጣት ፊት ነው ይላል። ባለቤታቸው ሆስፒታል በገቡበት ሰሞን፣ ሃያ ሁለት ዓመት የቆሙበትን በር! ደግሞ የትኛው ፊት ነው የሚታየው? ያ ሁሉ ጢም፣ ያ ባርኔጣ፤ እኔ ብቆምበትስ ማን ይለየኛል?»

«ልካቸው ይገኛል?»

«የጋሽ ታክ? ከኦክ ጋር አንድ ልክ ናቸው። የአንዱ ልብስ ሲታጠብ የሌላውን ነው የማለብሰው።»

«የእርስዎስ ዕድሜ ስንት ነው?»

«አሁን ይሄ ከግድያው ጋር ምን አገናኘው?» አለች ብዮን። «አርባ አራት። ለሳጅኑ እንዳይነግሩት።»

የድንኳኑ መጋረጃ ተገልጦ አለቃ ታክ ገቡ። የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ብዮን ተነሥታ ለሁሉም የገብስ ሻይ ቀዳች። ጊል ከወገቡ ሰበር ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት። ታክ ፊታቸውን ወደ ቹ እንዳዞሩ ቀኝ እጃቸውን ብቻ ዘረጉና ጽዋውን ያዙ።

«እንግዲህ ጠይቁኝ።»

«በሩ ላይ ሆነው ያዩት ነገር ይኖራል?»

«ዘብ የቆመ ሰው ፊት ለፊቱን ነው የሚያየው። መንገዱን፣ የመስታወት ፎቆቹን። ሌላ የለም።»

«ያናገረዎት፣ የነካዎት ሰውስ?»

«ዐርባ ደቂቃ ከጦሬ በቀር እጄ የነካው ነገር የለም።»

ወይዘሮ ብዮን ቀና ብላ አየቻቸው። አንድ ነገር ልትል ነበር፤ ቹ በዐይኗ ዝም አሰኘቻት።

«ስለ ልጁስ ምን ይላሉ?»

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ ታክ ሻያቸውን እየጠጡ። «ግን ወጣት ነው። የወጣት እጅ ይቀድማል።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ቹ ከድንኳኑ ወጥታ የድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ጊል የሰበሰባቸውን የጎብኚዎች ፎቶዎች አንድ በአንድ ታይ ጀመር።

«ሁሉም ላይ አሉ እኮ» አላት ጊል፣ ከብርዱ የተነሣ መሬቱን በእግሩ እየመታ። «ይቺ የአዲሶቹ ሙሽሮች ናት፤ ከቡሳን የመጡ። ስደውልላቸው ናምሳን ማማ ላይ ፍቅረኞች የሚያንጠለጥሉትን ቁልፍ እያንጠለጠሉ ነበር። አራት ከሠላሳ ስምንት ይላል። ይኸው ጋሽ ታክ፤ ጢሙን ያያሉ?»

«ጢሙን አያለሁ።»

ሙሽሪት በኪራይ ቀሚሷ መሐል ላይ ቆማ ትስቃለች። ከበስተኋላዋ ወይዘሮ ብዮን ቅርጫት ይዛ ቆማለች። የዘብ አለቃው ጦሩን በብብቱ ቆልፎ፣ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ ቀይ ከረጢት ይቀበላታል።

ቹ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሁለት ቦታ ስልክ ደወለች።

«ሁሉንም ሰብስብልኝ» አለች ለጊል። «ልጁንም አምጣው።»

«መኪናዋ እኮ ልትመጣ ዐርባ ደቂቃ ነው የቀራት።»

«ስለዚህ ነዋ።»

ዘጠኝ ተኩል ላይ አምስቱ ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። ኦክ ከነካቴናው ገብቶ በቅድሚያ ያየው ታክን ነው። ታክ ነጋሪት የተሣለበትን የድንኳኑን መጋረጃ ያዩ ነበር።

ቹ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ወይዘሮ ብዮን፣ አራት ማሞቂያ ይዤ ወጣሁ ብለዋል። አራተኛዋን ለማን ሰጡ?»

«ለጋሽ ታክ። ቅድምም ልናገር ነበር። ረስተውት ይሆናል።»

«አዎን» አሉ ታክ። «ረስቼው ነው። ሰው ትንሽ ነገር ይረሳል።»

«ይረሳል። የት አለች ታዲያ?»

«ጥያት ይሆናል።»

«ሳጅን፣ ከኦክ ኪስ ምን ወጣ?»

ጊል ወረቀቱን አነበበ። ቀይ ማሞቂያ ከረጢት ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ።

«ካርቶኑ ዛሬ ነው የተከፈተው» አለች ቹ። «አራት ብቻ ወጡ፤ አራቱም በሩ ላይ ለቆሙት ተሰጡ። ሦስቱ ዘቦች የየራሳቸው አላቸው፤ ጠይቄያቸዋለሁ። ማረፊያ ክፍል ነበርኩ የሚለው ልጅ አራተኛዋን ከየት አገኛት?»

«ሰጥቼው ይሆናላ» አሉ ታክ።

«ጥያት ይሆናል ብለውኝ ነበር። ይሁን። እንግዲያው እጆቹን እንይ።» ጣቷን ፎቶው ላይ አኖረች። «ይህ ሰው ወገቡን ሰብሮ በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው። አለቃ ታክ፣ ቅድም ወይዘሮ ብዮን ሻይ ስትሰጥዎ በአንድ እጅዎ ተቀበሉ፤ አላዩዋትምም። ነውርም የለበትም፤ በዐሥራ ሰባት ዓመት ይበልጧታል። ከሷ በሁለት እጁ የሚቀበል ከሷ ያነሰ ሰው ነው። ጢም ይለጠፋል፣ ልብስ ይለወጣል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለታላቅ ሲዘረጋ የኖረ እጅ ግን ሳይታወቀው ይዘረጋል። ይህ ታላቅ ሰው አይደለም። ይህ ኦክ ነው።»

ብዮን አፏን በእጇ ያዘች።

«ልጄ» አለች ቹ ወደ ኦክ ዞራ፣ «አራት ከሠላሳ ስምንት ላይ መቶ ሰው ፊት ቆመህ ነበር። ነፃ የሚያወጣህን ነገር ነው የደበቅከው። ምን ብለው ለመኑህ?»

ኦክ ወደ ታክ አየ። ታክ አላዩትም።

«ባለቤታቸው ሆስፒታል ናቸው» አለ በመጨረሻ። «ለዐርባ ደቂቃ ቁምልኝ አሉኝ። ዘብ ጥሎ የሄደ ይባረራል። ከበሩ ሊነሡ አንድ ወር በቀራቸው ሰው ላይ እንዴት እናገራለሁ?»

«ሆስፒታሉ ጋ ደውያለሁ። ባለቤታቸው ከወጡ አራት ቀናቸው ነው። ለጓሮው ጠባቂም ደውያለሁ፤ የአለቃ ታክ ካርድ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ጊዜ አልወጣም። ከድንኳኑ እስከ ዕቃ ቤቱ ሠላሳ እርምጃ ነው።»

ታክ የጓንታቸውን ጣቶች አንድ በአንድ እየጎተቱ አወለቁ።

«ልገድለው አልሄድኩም» አሉ። «አንድ ወር ሙሉ ቀጠሮ ከለከለኝ። እዚያ ብቻውን እንደሚሆን ስለማውቅ ላናግረው ገባሁ። ከስልኩ ቀና ሳይል፣ ‹ጋሼ፣ ጢሙ እንዳለ ይቆያል፤ የሚለወጠው ከጢሙ ጀርባ ያለው ነው› አለኝ። መምቻው እጄ ላይ ነበር። እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም።»

ጊል የኦክን ካቴና ፈታ። ሳይነግሩት ወደ ታክ ተራመደ።

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ኦክ የተላላጠ የእጅ አንጓውን እያሻሸ አለቃው ፊት ቆመ። አሁንም አንገቱን ደፍቷል።

«አለቃ» አለ በዝግታ። «ሲያስሩኝ እርስዎ መጋረጃው ጋ ሆነው ያዩኝ ነበር። ጓዳ ውስጥ ስቀመጥ፣ አሁን ይመጣሉ እል ነበር። ሊናገሩ አስበው የነበረው መቼ ነው?»

ታክ ያወለቁትን ጓንት አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ጊል ክንዳቸውን ይዞ ወደ መኪናዋ ወሰዳቸው። ወይዘሮ ብዮን ካፖርት አምጥታ የልጁ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችለት። «ና፣ ለእናትህ ደውልላት» አለችው።

ኦክ ግን እስከ በሩ ተከትሏቸው ወጣ፤ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። መኪናዋ ተነሥታ፣ በሰፊው መንገድ ከአውቶቡሶቹ መካከል እስክትጠፋ ድረስ፣ መልሱን እየጠበቀ ቆመ።