ከመስኮቱ ኋላ ክፍል የለም

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። ግን ሆኗል... ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፍራንክፈርት፣ ኖርድቬስትሽታት ባለው ቤቴ።

ዳቦ ገዝቼ ገባሁ። መጋረጃውን ገለጥኩ። ሻይ ጣድኩ። ባለቤቴ ወልደኣብ ካረፈ ወዲህ ጓደኛዬ ዶርቃ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። የዚያን ቀን እሱ ያነሳቸውን ፎቶዎች አወጣን፤ ያስተምርበት የነበረው ዩኒቨርሲቲ ለኤግዚቢሽን ጠይቆኝ ነበር።

ወልደኣብ የሥነ ሕንፃ መምህር ነበር። በምዕራብ አሜሪካ ወርቅ ፈላጊዎች የቆረቆሯትን፣ እንደነበረች ተጠብቃ የቆየች አንዲት የእንጨት ከተማ ያጠና ነበር። በየበጋው ብቻውን ይሄድ ነበር። እኔን አንድም ቀን አልወሰደኝም።

"ጣውንትሽ ከተማ ናት" ትለኝ ነበር ዶርቃ።

እስቅ ነበር...

አንዱን ፎቶ አነሳሁ። የድሮ ሱቅ ነው። እነዚያ ወርቅ ፈላጊዎች ከደሳሳው ቤት ፊት ረጅም የሳንቃ ግድግዳ ያቆሙ ነበር፤ ባለ ፎቅ እንዲመስል። ላይኛው መስኮት ለይምሰል ነው። "ከኋላው ክፍል የለም፤ ሰማይ ብቻ ነው" ብሎኛል ወልደኣብ።

መስኮቱ ላይ ሴት ቆማለች።

ዶርቃ ተጠጋች።

"አንቺ ነሽ እንዴ?"

"እኔ እዚያ ሄጄ አላውቅም።"

"ነጠላ ለብሳለች እኮ..."

"አየሁ።"

"ዘርፌ... አዘቅዝቃለች። በኢየሱስ ስም!"

ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነበር፤ ልክ እኔ በቀብሩ ቀን እንደለበስኩት።

"መቼ ነው የተነሳው?" አለች በሹክሹክታ።

"ከመታመሙ በፊት። ራሱ ነው ያነሳው።"

"ታዲያ... ያኔ ለማን ነው የምታዝነው?"

"ዝም በይ።"

መፍራት ነበረብኝ። የተሰማኝ ግን ቅናት ነው። እኔ ሸሚዙን እየተኮስኩ ሻንጣውን ሳዘጋጅለት፣ እሷ አስቀድማ ታለቅስለት ነበር።

ፎቶውን በግንባሩ ደፋሁት። ሻይ ቀዳን። አልጠጣነውም።

ቆይቼ ገለበጥኩት።

መስኮቱ ባዶ ነው... ከሥሩ ያለው በር ተከፍቷል።

"የት ሄደች?" አለች ዶርቃ።

"ሐዘንተኛ የት ይሄዳል? ኮትሽን ልበሽ።"

ወልደኣብ መቃብር ስንደርስ ማንም አልነበረም።

የራስጌውን ድንጋይ ሳሠራ፣ ከስሙ ሥር ባዶ ቦታ አስቀርቼ ነበር። የእኔ ስም እንዲጻፍበት... ሌላ የማንም እንዳይጻፍበት።

አሁን እዚያ ስም ተቀርጿል። ማንበብ አልቻልንም። ፊደሉን አሮጌ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት ወርሶታል፤ የመቶ ዓመት ይመስላል። ድንጋዩ ግን ከቆመ ዓመት አልሞላውም።

ዶርቃ በጥፍሯ ፋቀችው። አልለቀቀም።

ከባሌ ሥር ለራሴ ያስቀረሁት ቦታ የለም።