የቤቲ መሳፈሪያ

አቶ ዘካሪያስ አርባ ምንጭ አጠገብ በምትገኘው ጫኖ የመንደራቸው ዕድር ዳኛ ከሆኑ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ሙዛቸውን አጠጥተው፣ የደረሰውን ለነጋዴ ጭነው ሲያበቁ የቀረው ጊዜያቸው የዕድሩ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል፤ አግዳሚውም ድስቱም ሳይጠሩት ይደርሳል። በዚህ ይኮሩ ነበር፤ ቢኮሩም አይፈረድባቸውም።

በ1988 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታቸው ዘሪቱ መጣች። የስድስት ዓመት ልጇ ቤቲ በሆዷ ውስጥ እባጭ ወጥቶባታል። አርባ ምንጭ ያሉት ሐኪሞች ቶሎ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት ለሕይወቷ እንደሚያሰጋ ነግረዋታል። ቀበሌው የነጻ ሕክምና ወረቀት ሰጥቷታል። የጎደላት መሳፈሪያና እዚያ የምትቆይበት ስንቅ ብቻ ነው። ይህንኑ አጥታ ሁለት ወር ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ዕድሩ ለመንገድ ቢረዳኝ ብዬ ነው።»

«ምን ላድርግ ዘሪቱ? ዕድር የቆመው ለቀብር ነው። ደንብ አለን። በጸሎት እናስባታለን።»

ዘሪቱ ቀና አለች። «ልጄ ብትሞት ድንኳን ትተክላላችሁ፣ ንፍሮ ትቀቅላላችሁ፣ ሦስት ቀን አብራችሁኝ ትቀመጣላችሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ጋሼ፣ ያን ጊዜ ለቤቲ ምን ይረባታል?»

አቶ ዘካሪያስ ያን ቀን ማሳቸው ውስጥ ቆመው፣ ቦዩ ሞልቶ ውሃው ወደ መንገድ ሲፈስ እንኳ አላስተዋሉም። በዘጠኝ ዓመት የቀበሯቸው ሕፃናት አንድ በአንድ ትዝ አሏቸው። ስንቶቹ መሳፈሪያ አጥተው እንደቀሩ ዕድሩ ጠይቆ አያውቅም።

እሑድ አባላቱ ማንጎ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ነገሩ ሲነሣ ገንዘብ ያዡ ክብሩ ብድግ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥንቁቅ ነው።

«ዛሬ ለአንዷ ከከፈልን ነገ ራሱን ያመመው ሁሉ ይሰለፋል። ሰው ሲሞት ምን ይዘን ልንቀርብ ነው?»

«ሐኪም ርቀው ሄደው እንዲታከሙ ለጻፈላቸው ሕፃናት ብቻ ይሁን» አሉ ዘካሪያስ። «እኔም እስከ ሐሙስ እንዳንተ ነበርኩ፣ ክብሩ። ሬሳ ለመሸከም ሁላችንም አለን። በሕይወት ያለች ልጅ አውቶቡስ ላይ የሚያሳፍር ግን ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ጠፋ።»

ከአባላቱ አንዷ የሆኑት እማማ ወርቂቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አዲስ ድንኳን ልንገዛ ያጠራቀምነው የለም እንዴ? አሮጌው ቢያፈስም አንድ ዓመት ይችለናል። ልጅቷ ትሂድ።»

ሳቅ ሆነ፤ እጆች ወጡ። የክብሩም ዘግይቶ ወጣ።

ማክሰኞ እናትና ልጅ ተሳፈሩ። ሁለት ወር ቆይተው ሲመለሱ እባጩ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት፣ ቤቲ ጠባሳዋን ለእኩዮቿ እያሳየች ትኩራራ ነበር። ለክትትል በተመላለሰች ቁጥርም ዕድሩ አልተለያትም።

በቀጣዩ ዓመት ክብሩ ራሱ ከአቶ ዘካሪያስ በር ቆመ። «ከወንዙ ማዶ ዓይኑን የታመመ ሕፃን አለ። ወላጆቹ ለመጠየቅ አፍረዋል። መቼ እናሳፍራቸው?»

ወገኖቼ፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት መልካም ነው፤ ሐዘኑን አስቀድሞ ማስቀረት ግን ይበልጣል። በእናንተስ መንደር የሐኪም ወረቀት ይዛ መሳፈሪያ ያጣች እናት የለችም? አፍራ ብትቀር፣ እናንተ ሂዱላት።