ያልቀዘቀዘው ግድግዳ

ብታምኑም ባታምኑም ይህ የሆነ ነገር ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ባለፈው ታኅሣሥ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። የነገረኝ ራሱ አለበል ነው። ሲነግረኝ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም።

አለበል አናጢ ነው። ከሚስቱ ከሕሊና ጋር ከእትዬ ሽታዬ ግቢ አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር።

የማርቆስን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ቀን ፀሐዩ ጭቃውን ያደርቀዋል፤ ሌሊት ውርጩ ይሰነጥቀዋል። ከአልጋቸው በኩል ያለው ግድግዳ ተሰንጥቆ ንፋሱ እያፏጨ ይገባ ነበር።

ከዚያ ጠዋት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሕሊና አራስ ነበረች።

"እትዬ፣ ልጁን በረደው። ይችን ስንጥቅ ያስመርጉልን" አላቸው አለበል።

"ይኼ ግድግዳ ፀሐይ አያገኝ፣ አሁን ቢመረግ በምን ይደርቃል ልጄ? ውርጩ ያረግፈዋል። ጥር ይውጣና..."

ሕሊና ስንጥቁን በጨርቅ ወተፈችው። ማታ ከሰል ያቀጣጥላሉ፤ ቤቱ ሞቅ ሲል ምድጃውን ያወጡታል። ከሰሉ ቤት ውስጥ ካደረ ልጁን ያፍነዋል። ካላደረ... ይበርደዋል።

ጥር ሳይወጣ ልጁን ሳንባ ምች ነጠቃቸው። አብይ ይባል ነበር። ሦስት ወሩ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ እትዬ ሽታዬ እያለቀሱ ጭቃ አስቦክተው ግድግዳውን አስመረጉ። እንዳሉትም አልደርቅ አለ። እርጥብ እንደሆነ ሰነበተ።

ከአንድ ቦታ በቀር።

ከፍራሹ አጠገብ... የሕፃን ጀርባ የሚያህል ቦታ። በማግሥቱ ደርቆ ነጣ።

"አለበል... እስቲ ንካው።"

ነካው።

ይሞቃል።

የእሳት ሙቀት አይደለም። የሰው ገላ ሙቀት ነው።

"ፀሐይ አግኝቶት ይሆናል" አላት። ያ ግድግዳ ግን ፀሐይ አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሕሊና ደረቷን ለግድግዳው ሰጥታ ትተኛ ጀመር። አለበል ጀርባዋን ጋቢ ያለብሳት ነበር።

ሰኔ ላይ ሙቀቱ ቦታ ለወጠ። ከፍራሹ ርቆ፣ ወለሉን ታክኮ፣ ወደ ጥግ ሄደ።

ሕሊና በሹክሹክታ፣ "ዳኸ" አለችው።

ጥቅምት ላይ ከወለሉ ከፍ አለ። እስከ አለበል ጉልበት።

"ቆመ..."

ያኔ አለበል ፈራ። ከሆስፒታሉ ወዲያ የብሎኬት ቤት ፈልጎ አገኘ። ንፋስ የማይገባበት።

"እንሂድ ሕሊና።"

"እሱስ?"

"ልጃችን እኮ የለም።"

"ካለስ? ብርድ ላይ ጥለነው ልንሄድ?"

አለበል እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ልጁ ከሞተ ወዲህ ሲያለቅስ ያየችው ያን ቀን ነበር። እንባውን በነጠላዋ ጠረገችለት።

"እሺ፣ እንሂድ" አለችው። "ግን አንተ ቅደም። እኔ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።"

በዚያ የታኅሣሥ ጠዋት የግቢው ሣር በውርጭ ነጥቷል። ባጃጁ ከአጥሩ በር ቆሟል። አለበል ፍራሹን ተሸክሞ ቀደመ፣ ጭኖም ዞር አለ።

ሕሊና እየመጣች ነው።

አረማመዷ ግን...

ወደ አንድ ጎን አዘንብላለች። ቀኝ እጇን ወደ ታች ለቃ፣ ጣቶቿን አጥፋ ይዛለች። ሁለት ሦስት ትራመድና ትቆማለች። ትጠብቃለች። ደግሞ ትራመዳለች።

"አመመሽ?"

"እሽ... አትጩህ" አለችው። ፈገግ ብላለች። ዓመት ሙሉ ፈገግ ብላ አታውቅም።

አለበል ሣሩን አየ።

የሷ ጫማ ውርጩን ረግጦታል። ከጎኗ ደግሞ ውርጩ ቦታ ቦታ ቀልጧል። ትንንሽ ዱካ። በባዶ እግር። ጣቶቹ ይቆጠራሉ። ከእያንዳንዱ ዱካ ቀጭን እንፋሎት ይነሳል።

ባጃጁ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች። ጋቢዋን ከፍታ፣ የሆነ ነገር ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ መልሳ ሸፈነችው።

ዱካው እዚያ ላይ አለቀ።