በገደል አፍ የተደረደረ ገበጣ

የመምህር ጥበብ አስከሬን በገመድ ከገደሉ ሲወጣ ኢንስፔክተር ኤልሳቤጥ ከገደሉ አፍ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር። ገደል ትፈራለች። ደባርቅ ተወልዳ አድጋ ገደል የምትፈራ ፖሊስ በመሆኗ ባልደረቦቿ ሲስቁባት ይኖራሉ፤ «ለፈሪ ሜዳ አይነሱትም» እያሉ የከተማውን ሥራ ለእሷ ይተዉላታል። ዛሬ ግን ማምለጫ አልነበራትም። ሳሩን በሁለት እጇ ጨብጣ በደረቷ እየተሳበች ወደ ጫፉ ተጠጋች። ከታች ጉም ብቻ ነው የሚታየው።

ከጫፉ ሁለት ክንድ ወዲህ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንድ ገበጣ ተቀምጧል። በአሥራ ሁለቱም ጉድጓዶች ሦስት ሦስት ጠጠር በሥርዓት ተደርድሯል። አጠገቡ የነበረችውን የጨርቅ ከረጢት ፈታ ስትቆጥር ሌላ አሥራ ሁለት ጠጠር አገኘች።

ጥበብ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ትርፍ ጊዜውን ገበጣ፣ ዳማና ቼዝ ፎቶ በማንሳት ያሳልፋል። «ሰው ዋልያ ሊያይ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፣ አንተ የዳማ ቆርኪ ታነሳለህ!» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ያን ጠዋት አብረውት የወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የፎቶ ቤት ባለቤቱ ሰብስቤ፣ የጃናሞራው መንገድ መሪ ገዱ፣ በአባት ብቻ ወንድሙ የሆነው፣ እናቱ ዘንድ በየዳ ያደገው አንዱዓለም። ጉሙ ሲወርድ ተበታተኑ፤ ከዚያ አንድ ጩኸት ተሰማ።

«ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ ሲል ነው የወደቀው» አላት አንዱዓለም እንባውን በጋቢው እየጠረገ። «ስንቴ ተው ብዬዋለሁ!»

ሰብስቤ በሟቹ አንገት ላይ የተገኘውን ካሜራ አገላብጦ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ኢንስፔክተር፣ ይቺ ሌንስ እኮ ማክሮ ናት። ጠጠርን ከስንዝር ርቀት የምታነሳ ናት። ጥበብ በዚህች ሲያነሳ በሆዱ ይተኛል እንጂ ወደ ኋላ አይልም።»

ተናግሮ ሳይጨርስ የቃሉ ትርጉም ለራሱ ገባው። ወድቆ ካልሆነ ተገፍቶ ነው፤ እዚያ የነበሩት ደግሞ ሦስት ብቻ ናቸው።

«እኔና እሱ ባለፈው ሳምንት በፎቶ ውድድር ተጣልተን ነበር» አለ። «እኔን ይጠረጥሩኛል?»

«ሁላችሁንም እጠረጥራለሁ። ይልቅ ፎቶዎቹን ክፈትልኝ።»

የካሜራው ካርድ ደህና ነበር። የዚያ ጠዋት የመጀመሪያው ፎቶ ገበጣውን አራት አራት ጠጠር ተደርድሮበት ያሳያል። በመጨረሻው ግን ጨዋታው ተጀምሯል፤ አንዱ ጉድጓድ ባዶ ነው፣ ሌላው ዘጠኝ ጠጠር ታጭቆበታል።

«ሰሞኑን የገጠመው ነገር አለ?»

ሰብስቤ ስልኩን አወጣ። ጥበብ ከትናንት በስቲያ ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ፎቶ ነው፤ ስንጥቁ በቆርቆሮ የተጠገነ አሮጌ ገበጣ። «ከዘመድ ቤት አገኘሁት ብሎኛል። ዕቃው እኔ ስቱዲዮ ነው ያለው።» ከሥሩ ጤናዬ የምትባል የመካነ ብርሃን ሴት እንዲህ ጽፋለች፤ «ይህ ከሁለት ዓመት በፊት ከቤት እንደወጣ የቀረው የባሌ የልደቱ ገበጣ ነው። ቆርቆሮውን የመታው በእጁ ነው። ስለ ማርያም፣ የት አገኘኸው?»

ጥበብም ትናንት መልሷል፤ «ነገ ጠይቄ እነግርሻለሁ።»

ኤልሳቤጥ ገበጣውን ከስቱዲዮው አስመጣች።

የሌንሱ ወሬ ከእኩለ ቀን በፊት ደባርቅን አዳረሰ። «ካልወደቀስ ማን ገፋው?» ሲባል ጣት ሁሉ ወደ ባዳው ወደ ገዱ ዞረ፤ መጀመሪያ የጠቆመው አንዱዓለም ነው። የጥበብ አባት አቶ ተክለ ማርያም ልጃቸው ነገ ከመቀበሩ በፊት ደሙ እንዲመለስ ማሉ፤ ጠመንጃቸውንም ለአንዱዓለም ሰጡት። ገዱ ሮጦ ቤተ ክርስቲያን ገባና ተማጠነ።

ኤልሳቤጥ ስታገኘው ግንቡን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር።

«ንጹሕ ከሆንህ ለምን ሸሸህ?»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ነዋ! አያቴ በማያውቀው ደም ነው የተገደለ። እውነቱ እስኪጣራ ድረስ ማን ያቆየኛል? የልጄ ክርስትና እሑድ ነው እኮ፣ እህቴ።»

«ጉሙ ሲወርድ ማን የት ነበር?»

«ሰብስቤ ጭላዳ ሊያነሳ ወደ ላይ ወጣ። እኔና አንዱዓለም ወደ በቅሎዎቹ ወረድን። ዘወር ስል የለም። ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም።»

ይህ የተጠርጣሪ ቃል ነው፤ ማስረጃ አይሆንም። ከተሳሳተች ይህ ሰው የልጁን ክርስትና አያይም። ኤልሳቤጥ ከገደሉ ይልቅ ይህን ፈራች።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም ደጀ ሰላም ሰበሰበቻቸው። ቦታውን የመረጠችው አስባበት ነው፤ ጠመንጃ ከቅጥሩ አይገባም። አንዱዓለም እያቅማማ መሣሪያውን ለዘበኛው ሰጠ። ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ገዱ ከቄሰ ገበዙ ጀርባ ተሸጎጠ። ኤልሳቤጥ የሟቹን ገበጣ መሬት ላይ አኖረች።

«በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገበጣ?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ለጨዋታ አይደለም፣ አባ። ይፍቱኝ።» ከረጢቱን ለአንዱዓለም አቀበለችው። «የወንድምህን ገበጣ ደርድርልኝ።»

ሰው ሁሉ አየው። እንቢ ቢል ነውር ነው። ቸኩሎ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ጣለ፤ አሥራ ሁለት ጠጠር መዳፉ ላይ ቀረ።

«እነዚህስ?»

«ትርፍ ናቸው» አለና ከረጢቱ ውስጥ ጨመራቸው።

«የምን ትርፍ?» አለ ገዱ ፍርሃቱን ረስቶ። «አራት አራት ነው እንጂ!»

ኤልሳቤጥ ወደ አቶ ተክለ ማርያም ዞረች።

«አባባ፣ ይስሙኝ። ልጅዎ ፎቶ ሲያነሳ አልወደቀም፤ ሌንሱ ወደ ኋላ አያስኬድም። ይህን የነገረኝ ሰብስቤ ነው። ገዳይ ቢሆን ኖሮ ‹አደጋ ነው› የሚለውን ወሬ ራሱ አያፈርስም ነበር። የመጨረሻው ፎቶ ጨዋታው መሐል ላይ እንደነበር ያሳያል። እኔ ስደርስ ግን ገበጣው እንደ አዲስ ተደርድሮ ነበር። ሁለት ሰው መጫወቱ እንዳይታወቅ ገዳዩ ደረደረው። የደረደረውም ሦስት ሦስት ነው፤ አሥራ ሁለቱን ትርፍ ብሎ ከረጢት ከተተ። ጥበብ አራት ነው የሚጥለው። ገዱም አራት ነው የሚያውቀው።»

«በየዳ ሦስት ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ ቀስ ብለው።

«አዎ አባ። አንዱዓለም ከወንድሙ ጋር ሲጫወት በወንድሙ ሕግ ነው። ሲደነግጥ ግን እጁ ያደገበትን ሠራ። አሁንም ፈርቷል፣ ያንኑ ደገመው።» ከቦርሳዋ በቆርቆሮ የተጠገነውን ገበጣ አወጣች። «ጥበብ ይህን የጠፋ ሰው ገበጣ ‹ከዘመድ ቤት አገኘሁት› ብሎ ነበር። አንዱዓለም፣ ልደቱን የት አደረግኸው?»

አንዱዓለም ገበጣውን ሲያይ እንደ እሳት ሸሸው።

«በጨዋታ ተጣልተን ነው! አንዴ ብቻ ነው የመታሁት። ሬሳው መካነ ብርሃን፣ ከወንዙ ማዶ ዋሻ ውስጥ ነው ያለው። ገበጣውን ላቃጥለው ስል ከእሳቱ ውስጥ የሚጮህ መሰለኝ፤ አልጋዬ ሥር ደበቅሁት።»

«ጥበብስ?»

«እኔ በሌለሁበት አንስቶ ወስዶት ኖሯል። ዛሬ እየተጫወትን ጠየቀኝ። አልተቆጣም እኮ። ‹ሴትየዋን ምን ልበላት?› ነው ያለኝ።» ጋቢውን በፊቱ ላይ ሳበ። «ገፋሁት።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። አቶ ተክለ ማርያም ለገዳዩ በገዛ እጃቸው ጠመንጃ ሰጥተው ነበር። ተነሡ፤ ከግንቡ ሥር ትልቅ ድንጋይ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና ገዱ እግር ሥር ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ደምህን ላፈስ ነበር። ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ገዱ ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደላቸው። «ይነሡ አባቴ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።»

ሽማግሌው ግን አልተነሡም።

«ነገ ጥበብ ቃሬዛውን የሚሸከምለት ወንድም የለውም። ትሸከምልኛለህ?»

«እሸከማለሁ» አለ ገዱ፤ ሽማግሌውንም ደግፎ አነሣቸው።